ቁጭ ብዬ መጸለይ ካቃተኝ ቆየ፤ በዚህ ሁኔታ በእምነት ማደግ ይቻላል?

የሁለት እናት (ጠያቂ)

ሰላም እህቶቼ፣ ጌታ ይባርካችሁ።

እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ልቤ ከብዶኝ ነው የመጣሁት።

ከመውለዴ በፊት የጥሞና ጊዜዬ የታወቀ ነበር። ሌሊት ተነስቼ እጸልያለሁ፣ ቃሉን አነባለሁ፣ ማስታወሻ እይዛለሁ። ሁለተኛው ልጄ ከመጣ ወዲህ ያ ሁሉ ቀረ። አሁን ሌሊት የምነሳው ለማጥባት ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን ስከፍት ትልቋ ትጠራኛለች። ማታ ሁለቱም ተኝተው ቤቱ ጸጥ ሲል ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ» እላለሁ። የሚቀጥለው ቃል ሳይመጣ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስነቃ የአልጋው ጠርዝ ግንባሬ ላይ መስመር አውጥቷል፣ እግሬ ደንዝዟል፣ ጸሎቱ ገና «ጌታ ሆይ» ላይ ነው።

ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ሥራው ግን ያመሸዋል። ህብረት ስሄድ ሌሎቹ «ጌታ እንዲህ አሳየኝ፣ እንዲህ ተናገረኝ» ይላሉ። እኔ የምለው የለኝም። ስለ ምሳሌ 31 ሴት የተሰበከ ቀን ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ነው የምወጣው።

እና ጥያቄዬ ይኼ ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለች ሴት በእምነት ልታድግ ትችላለች? ወይስ ልጆቹ ከፍ እስኪሉ መጠበቅ ነው? እውነቱን ንገሩኝ፤ ማባበያ አልፈልግም።

---

የወይን ቅርንጫፍ

የኔ እህት፣ እንኳን ጻፍሽ።

ማባበያ አልፈልግም ስላልሽ ቀጥታ ልንገርሽ። አዎ፣ ታድጊያለሽ። አሁን፣ በዚሁ ድካም ውስጥ። ልጆቹ እስኪያድጉ የምትጠብቂው ነገር የለም።

ኢሳይያስ 40፥11ን አንብቢው፦ «መንጋውን እንደ እረኛ ያሰማራል፥ ጠቦቶቹን በክንዱ ሰብስቦ በብብቱ ይሸከማል፥ የሚያጠቡትንም በቀስታ ይመራል።» እኔ የመጀመሪያ ልጄን እያጠባሁ ነው ይህን ጥቅስ ያገኘሁት። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ፤ የመጨረሻዋ ሐረግ ግን አልታየችኝም ነበር። እረኛው የምታጠባውን በግ «ለምን ወደ ኋላ ቀረሽ» ብሎ አይነዳትም። እርምጃውን ከእሷ ጋር ያስተካክላል።

ሐናንም አስቢያት። 1 ሳሙኤል 1 ላይ ያለችው ሐና ጸሎቷ ድምፅ አልነበረውም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ካህኑ ዔሊ እንኳ ሰክራለች ብሎ ነው የገመታት። እሷም «እኔስ ልብዋ ያዘነባት ሴት ነኝ» አለችው። ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰስኩ ነው ያለችው። እዚያ ቤት የነበረው የሃይማኖት ሰው ጸሎት መሆኑን አላወቀውም፤ እግዚአብሔር ግን ሰማ።

ያንቺም «ጌታ ሆይ» ሙሉ ጸሎት ናት። ሮሜ 8፥26 እንዴት እንድንጸልይ እንደሚገባን እንደማናውቅ፣ መንፈስ ራሱ ግን በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ይናገራል። አንቺ እንቅልፍ የወሰደሽ ቦታ ላይ ጸሎቱ አላቆመም።

---

ብርሃን ይሁን

እህቶች፣ በፍቅር የተለየ ሐሳብ ላምጣ።

የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ግን ድካምን እያጽናናን ዝም ካልን አንዳንዶቻችን ዓመታት ያልፉብናል። እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ። ስልኬን ለማየት ጊዜ አጥቼ አላውቅም። ጌታ ኢየሱስ ማርቆስ 1፥35 ላይ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ይጸልይ ነበር። ያውም በፊተኛው ምሽት ከተማው ሁሉ በደጅ ተሰብስቦ ብዙ ሕመምተኞችን ሲፈውስ አምሽቶ። እሱ ከፈለገው እኛማ እንዴት?

ጠያቂዋን ለመውቀስ አይደለም። ግን ትንሽም ብትሆን የተለየች ሰዓት ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ሁሉን «በመንገድ ላይ እጸልያለሁ» ካልን መንገዱ ይውጠናል።

---

አያት ነኝ

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። የልጅ ልጆቼን እያሳደግሁ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ትንሽ ላውራ፣ ታገሡኝ።

ብርሃን ይሁን፣ ያነሳሽው ትክክል ነው። የተለየች ሰዓት ያስፈልጋል። ግን ማርቆስ ምዕራፍ 1ን ካነበብሽ ምዕራፍ 4ንም አንብቢ። እዚያ ጌታችን በታንኳዋ በስተኋላ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። ማዕበሉ ታንኳዋን እየሞላት። ያው አንዱ ጌታ ነው፤ ሌሊት ተነሥቶ የጸለየውም፣ ደክሞት የተኛውም። አራስ ሴትን ከምዕራፍ 1 ጋር ብቻ አናስተያያት።

አሁን ወደ ምሳሌ 31 ልምጣ፤ ይኼ ነገር ብዙ ሴት ሲያቆስል አይቻለሁና።

ያንን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምራችሁ አንብቡት። የንጉሥ ልሙኤል ቃል ነው፤ እናቱ ያስተማረችው። እናት ልጇን፣ ያውም ወንድ ልጇን፣ ስታስተምር ነው የምንሰማው። ምን ዓይነት ሴት እንደሚያከብር እየነገረችው ነው። ከቁጥር 10 እስከ 31 ያለው 22 ቁጥር ደግሞ በዕብራይስጡ ግጥም ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር በፊደላቸው ተራ ይጀምራል። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው። እንግዲህ የአንዲትን ሴት ዘመን በሙሉ ሰብስቦ የሚያወድስ ግጥም ነው። እኛ ግን የአንድ ቀን የሥራ ዝርዝር አደረግነው! ጠዋት እርሻ ገዝታ፣ ቀን በፍታ ሠርታ ሸጣ፣ ሌሊት መብራቷ ሳይጠፋ አድራ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን የምትሠራ ሴት አልተወለደችም።

ደግሞ ቁጥር 15ን እዩ። ገረዶች አሏት። የሚያግዛት ሰው ነበራት ማለት ነው። አንቺ ብቻሽን ሁለት ሕፃን ይዘሽ ራስሽን ከእሷ ጋር የምታወዳድሪው ለምንድነው ልጄ?

ግጥሙ የሚያርፈው የት ላይ መሰላችሁ? «ውበት ሐሰት ነው፥ ደም ግባትም ከንቱ ነው፤ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ግን እርስዋ ትመሰገናለች።» እሱን አንቺ አለሽ። ባይኖርሽ ኖሮ ጸሎት ቀረብኝ ብለሽ እዚህ መጥተሽ አታለቅሽም ነበር።

---

ብርሃን ይሁን

እማማ፣ ተባረኩ። ስለ ታንኳው የተናገሩት ልቤ ገብቷል። ስለ ስልኩ ያልኩት ግን ይቆይልኝ፤ እውነት ነውና።

---

አያት ነኝ

ይቆይ ልጄ፣ ይቆይ። እኔም እስማማለሁ።

---

አዋላጇ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ከወላዶች ጋር ስለሆነ ከዚያ በኩል አንድ ነገር ልበል።

ጠያቂዋ፣ ልጅሽ ስንት ወሩ እንደሆነ አልጻፍሽም። ድካምሽ የእንቅልፍ እጦት ብቻ ከሆነ እሰየው። ግን ራስሽን እነዚህን ጠይቂ። ያለ ምክንያት ታለቅሻለሽ? ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም አጥቷል? ሕፃኑ ተኝቶም አንቺ መተኛት ያቅትሻል? «እኔ ባልኖር ይሻላቸዋል» የሚል ሐሳብ ይመጣል?

ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና ማልቀስ ብዙ ሴት ላይ ይታያል፤ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ፣ ወይም እየባሰ ከሄደ፣ የድህረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል። በሽታ ነው። ሕክምና አለው። የእምነት ማነስ አይደለም፣ የኃጢአት ቅጣትም አይደለም። ራስን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ እስኪነጋ አይጠበቅም። ያኔውኑ ለቅርብ ሰው ተናግሮ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ይህን የምለው «ጾም ጸሎት ጨምሪ» ተብለው የቆዩ ሴቶች እጄ ላይ ስለሚመጡ ነው። ዘግይተው። ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም።

ኤልያስን አስቡት፣ 1 ነገሥት 19። ያ ሁሉ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ አሁንም፥ አቤቱ፥ ነፍሴን ውሰድ» አለ። እግዚአብሔር ምን አደረገ? አልገሠጸውም፣ አላስተማረውም። አስተኛው። መልአክ ልኮ ቀሰቀሰው፤ በላ፣ ጠጣ፣ መልሶ ተኛ። ሁለተኛ ጊዜ ሲቀሰቅሰው «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» ነው ያለው። ንግግሩ በኋላ ኮሬብ ላይ መጣ። መጀመሪያ እንቅልፍና ምግብ ነው።

እና እህቴ፣ አንዳንድ ቀን የምታደርጊው ትልቁ መንፈሳዊ ነገር በልቶ መተኛት ሊሆን ይችላል።

---

የሁለት እናት (ጠያቂ)

አንብቤ አለቀስኩ። ግን ቀለለኝ።

አዋላጇ፣ ለጠየቅሽኝ፦ ልጄ ስድስተኛ ወሩን ይዟል። ከጠየቅሽኝ ውስጥ ሁለቱ አሉብኝ። የመጨረሻው የለም፣ ጌታ ይመስገን። ለባለቤቴ አሳየሁት፣ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን ብሏል።

እማማ፣ ስለ ገረዶቹ አስቤው አላውቅም ነበር። ሰባኪው ሲያነበውም ቁጥር 15ን የሰማሁ አይመስለኝም።

---

ዝምተኛዋ

እናንተ ስለ ልጆች ስታወሩ ልዝለለው ብዬ ነበር። አልቻልኩም።

እኔ ልጅ የለኝም። ሁለት እርግዝና ወርዶብኛል። ሁለተኛው ገፍቶ ነበር፤ ስም አውጥተንለት ነበር። ሰው ሁሉ «ለበጎ ነው» ይለኛል። አንዷ እንዲያውም «ራስሽን ፈትሺ፣ የተደበቀ ነገር ይኖር ይሆናል» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ህብረት አልሄድኩም።

አልካድኩም። ግን ከእግዚአብሔር ጋር የምንነጋገረው ነገር የለም። ይኼስ እምነት ይባላል?

---

የወይን ቅርንጫፍ

የኔ እህት። መጀመሪያ፣ የሆነው በጥፋትሽ አይደለም። ይህን ዛሬ ማታም ደግመሽ አንብቢው። ጥፋትሽ አይደለም።

«ራስሽን ፈትሺ» ላለችሽ ሰው ሉቃስ 1፥6 ይመልስላት። ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን ነበሩ፣ በጌታ ትእዛዝና ሕግጋት ሁሉ ያለ ነቀፋ ይሄዱ ነበር ይላል። የሚቀጥለው ቁጥር ልጅ አልነበራቸውም ይላል። ሉቃስ ሆን ብሎ ነው በዚህ ቅደም ተከተል የጻፈው ብዬ አምናለሁ። ጽድቃቸውን አስቀድሞ ተናገረ፤ ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ በደል እንዳይፈልግባቸው።

«ከእግዚአብሔር ጋር የምንነጋገረው ነገር የለም» ላልሽው መዝሙር 88ን ላሳይሽ። በሌላው አቆጣጠር 87 ነው። የኤማን መዝሙር ነው። ብዙዎቹ የለቅሶ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይኼኛው አይዞርም። በጨለማ ይጀምራል፣ በጨለማ ያልቃል። ወዳጆቼን አራቅህብኝ እያለ ያበቃል፤ በቃ። እና ይህ ሰው ያቀረበው አቤቱታ ከነጨለማው በእግዚአብሔር ሕዝብ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል። ማንም «ይህን አስተካክለህ አምጣ» አላለውም።

ኑኃሚንንም እይ። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ ስትመለስ የከተማው ሴቶች ተቀበሏት። «ሁሉን የሚችል አምላክ አስመርሮኛልና ማራ በሉኝ» አለቻቸው። በአደባባይ። ምራቷ ሩት አጠገቧ ቆማ ትሰማለች። ሩት አልመከረቻትም። አብራት ገባች።

እኔ ካንቺ የምፈልገው ምንም የለም። መጸለይ ካልቻልሽ እኛ እንጸልይልሻለን። ሽባውን አራት ሰዎች ጣሪያ ነድለው ሲያወርዱት ጌታ ያየው የእነሱን እምነት ነው፣ ማርቆስ 2። እሱ ተኝቶ ነበር። አንቺም ተኚ።

---

ዝምተኛዋ

መዝሙሩን አነበብኩት። ሁለት ጊዜ።

እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር።

---

አያት ነኝ

ልጄ ዝምተኛዋ፣ ስም ያወጣችሁለትን ልጅ ስሙን በልቤ ሳላውቀው እጠራዋለሁ። አለሁልሽ።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ያዘነች እህት ስታገኙ ለበጎ ነው አትበሏት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

---

ተስፋ አለኝ

እኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ይቅርታ ከርዕሱ ካስወጣኋችሁ።

ባለቤቴ አያምንም። ስንጋባ ሁለታችንም አናምንም ነበር፤ እኔ በኋላ ነው ጌታን ያገኘሁት። 1 ጴጥሮስ 3ን እያሰብኩ በዝምታና በመልካም ኑሮ እኖራለሁ። ችግሩ እሱ ሲቆጣ መጽሐፍ ቅዱሴን ይወረውረዋል። ባለፈው ደግሞ ገፍትሮኝ በሩ ጋ ወደቅሁ። አማካሪ ያልኳት እህት «ታገሺ፣ በትዕግሥትሽ ይድናል» አለችኝ። ልክ ናት?

---

አዋላጇ

እህቴ፣ አሁን ደህና ነሽ? የተጎዳ ነገር ካለ ታዪ። መግፋት መምታት ነው። የሆነውን ለምታምኛት አንዲት ሰው ዛሬውኑ ንገሪ፤ ሲብስ የምትሄጂበትንም ቤት አስቀድመሽ እወቂ። የግል ወረቀቶችሽን አንድ ቦታ አስቀምጪ።

---

አያት ነኝ

ልጄ፣ አዋላጇ ያለችሽን መጀመሪያ አድርጊ። ከዚያ ይህን አንብቢ።

ጴጥሮስ «ያለ ቃል በሚስቶቻቸው ኑሮ እንዲገኙ» ያለው እውነት ነው። የማያምን ባል ያላት ሴት ሌት ተቀን በመስበክ እንዳትጠመድ ያሳርፋታል። ኑሮዋ ይናገራል። ነገር ግን ያ ቃል ገላሽን ለዱላ አሳልፈሽ ስጪ አይልም። እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 7 ላይ ወንዱ ሚስቱን እንዲያከብር፣ ካላደረገ ጸሎቱ እንደሚከለከል ይናገራል። ያንን ቁጥር አማካሪሽ አላነበበችልሽም።

አቢግያን እዩ፣ 1 ሳሙኤል 25። ባሏ ናባል ባለጌና ግብሩ ክፉ ነበር ይላል። ስንፍናው ቤቱን ሁሉ ሊያስጨርስ ሲል አቢግያ ቸኩላ ስንቅ ጭና ወጣች፤ ለባሏም አልነገረችውም። ዳዊትን መንገድ ላይ አግኝታ ለመነችው። ዳዊትም እሷን የላከውን እግዚአብሔርን ባረከ፣ እሷንም ባረካት። ማንም አላመፀችም አላላትም። ዳዊት ራሱ ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ዘወር ብሎ አምልጧል። ሳኦልን ይወድ ነበር፣ ንጉሤ ይለው ነበር፣ ሊገድለው ዕድል አግኝቶም አልነካውም። ግን ጦሩ የሚመጣበት ቦታ አልቆመለትም።

ለባልሽ መጸለይ አታቋርጪ። ከሩቅም ይጸለያል። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ለልጇ ብዙ ዓመት አለቀሰች። አንድ ጳጳስ ዘንድ ሄዳ ልጄን አነጋግርልኝ ብላ ወተወተችው። እሱ አሁን አይሰማም፣ ተዪው፣ ጸልዪለት ብቻ አላት። እሷ አልለቅ ስትለው የእነዚህ እንባዎች ልጅ ሊጠፋ አይችልም ብሎ ሸኛት። ልጇ ከእሷ ሸሽቶ ባሕር ሁሉ ተሻግሮ ነበር። በ387 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚላን በጳጳሱ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ፤ 32 ዓመቱ ነበር። እሷም በዚያው ዓመት አረፈች፤ አይታ።

---

ተስፋ አለኝ

እህቴ ቤት ነኝ። ለጊዜው። ጸልዩልኝ።

---

ማለዳ አዲስ

እየጸለይን ነው ተስፋ።

እኔ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ማርታን ማንም ስላላነሳት ገረመኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የምትወቀሰው እሷ ናትና።

ሁላችንም የምናውቃት ከሉቃስ 10 ነው። «ማርታ፥ ማርታ፥ በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ ትታወኪማለሽ» ተባለች። እውነት ነው፣ ተገሥጻለች። ግን ታሪኳ እዚያ አያልቅም።

ዮሐንስ 11ን ክፈቱ። ወንድሟ ሞቷል። ጌታ ዘግይቷል። መምጣቱን ስትሰማ ወጥታ መንገድ ላይ የተቀበለችው ማን ናት? ማርታ። ማርያም በቤት ተቀምጣ ነበር። ማርታ «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አለችው። ቅሬታዋን አልሸፋፈነችም። በዚያው ንግግር ደግሞ «አንተ ወደ ዓለም የሚመጣው ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆንህ እኔ አምናለሁ» አለች። ጴጥሮስ በፊልጶስ ቂሣርያ የመሰከረውን ምስክርነት ይህች ሥራ የበዛባት ሴት በመቃብር መንገድ ላይ መሰከረችው።

ከዚያ ዮሐንስ 12 ይመጣል። እራት አዘጋጁለት ይላል። «ማርታም ታገለግል ነበር።» አሁንም ታገለግላለች! ሥራዋን አልተወችም። የጠፋው መታወኩ ነው። «እኅቴን ንገራት» የሚል ድምፅ የለም።

ለእኔ እድገት ይህን ይመስላል። ማርታ ማርያም አልሆነችም። በያዘችው ሥራ ላይ እያለች ልቧ ተለወጠ። የሁለት እናት፣ አንቺም ልጆቹን እያጠብሽ፣ እያለበስሽ፣ እየተጠራሽ ነው የምታድጊው። ዛሬ ትልቋ ስትጠራሽ ትናንት ከመለስሽላት በለዘበ ድምፅ ከመለስሽላት፣ ያ የመንፈስ ፍሬ ነው። ገላትያ 5 ላይ ትዕግሥትና ቸርነት ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው። ማንም ህብረት ላይ አይመሰክረውም፤ አንቺም ላታስተውዪው ትችያለሽ።

---

ሥራ ላይ ነኝ

እኔ አላገባሁም። መቼ ነው የምታገቢው የሚለው ጥያቄ ከስብከቱ ይልቅ ይደርሰኛል። ሁልጊዜ የሚሰበከው ስለ ሚስትና እናት ስለሆነ «የእኔ እድገት ገና ስላላገባሁ አልጀመረም» የሚል ስሜት አለ።

ማለዳ አዲስ፣ ስለ ማርታ የጻፍሽው ለእኔም ሆነ። መጽሐፉ ስለ ማርታ ባል አንድም ቃል አይናገርም። ልድያም እንዲሁ፤ የሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ከትያጥሮን የመጣች ቀይ ሐር ሻጭ ናት፤ ጌታ ልቧን ከፈተላት፣ ከቤተሰቦቿ ጋር ተጠመቀች፣ ጳውሎስንና ሲላስን ግድ ብላ ቤቷ አስገባች። ከእስር ሲፈቱም መጀመሪያ የሄዱት እሷ ቤት ነው።

በሥራ ቦታዬ የምታገለው ሐሜትን ነው። የአንዷ ስም ሲነሳ ዝም ማለት ወይም ተነስቶ መሄድ። ቀላል ይመስላል። አይደለም። አለቃዬ የሠራሁትን በራሱ ስም ሲያቀርብ ደግሞ አንጀቴ ያርራል። ያኔ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» የሚለውን የታመመውን ልጅ አባት ጸሎት እየጸለይኩ ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ። ማርቆስ 9 ላይ ነው። አጭር ነው፣ ለሥራ ሰዓት ይመቻል።

---

ብርሃን ይሁን

አሜን! አጭር ጸሎት ብሎ መናቅ የለም። ጴጥሮስ ሊሰጥም ሲል «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ» ብቻ ነው ያለው። ረጅም መግቢያ ቢጀምር ኖሮ አይደርስም ነበር።

---

የሁለት እናት (ጠያቂ)

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ድባቴ መሆኑን ነገረችኝ፤ መለስተኛ ነው አለች። ክትትል ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ አሁን ማታ ማታ አንድ ሰዓት ልጆቹን ይይዝልኛል። የመጀመሪያውን ምሽት ዝም ብዬ ተኛሁ፤ አዋላጇ እንዳለችው።

ትናንት ግን ተኝቼ ሳልጨርስ ነቃሁና ማንበብ አማረኝ። ከጊዜ ብዛት ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ድሮ ዓመቱን ሙሉ የሚያስጨርስ የንባብ ፕሮግራም ነበረኝ። አሁን ያንን ሳየው ያስፈራኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

---

ማለዳ አዲስ

ፕሮግራሙን ለጊዜው ተዪው። ማርቆስን ያዢ፤ 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ ታሪኩ ይሮጣል። ወይ ፊልጵስዩስን፣ አራት ምዕራፍ ነው። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ነው የጻፈው፤ ምዕራፍ 4 ላይ የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ ይላል። እሱም ተምሮት ነው።

---

የወይን ቅርንጫፍ

እኔ ደግሞ ስታጠቢ በድምፅ የተቀዳውን ስሚ እልሻለሁ። እጅሽ ባይፈታም ጆሮሽ ነጻ ነው። አንድ ምዕራፍ ደጋግመሽ። ካመለጠሽ ከመሃል ቀጥዪ፣ ወደ ኋላ አትመለሺ።

---

ዝምተኛዋ

ማርቆስን ልትጀምሪ ከሆነ እኔም እጀምራለሁ። ሳንጽፍ ከቀረን ማንም ማንንም አይወቅስ። ምዕራፍ 1ን ነገ ላንብብ?

---

የሁለት እናት (ጠያቂ)

እሺ። ነገ ምዕራፍ 1። ማታ ልጆቹ ሲተኙ እዚሁ እጽፍልሻለሁ፤ ካልተኛሁ።